በኤግዚቢሽን የታየው መኪና ገበያ ሲወጣ ለምን ሌላ ይሆናል?

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ካገደች ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአዲስ አበባ መንገዶች ከበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ይገኙበታል። ከቻይና ከሚመጡት የአይዲ 4 ዓይነቶች አንዱ ከኋላው «ክሮዝ» የሚል ስም ተጽፎበታል። ይህን ስም ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው ግን ሌላ መኪና ሊገጥመው ይችላል፦ ስፖኪዮ የሌለው፣ የኋላ በሩ እንደ ሚኒባስ በር የሚንሸራተት፣ በፊትና በኋላ በር መካከል ምሰሶ የሌለው። ስሙ አንድ ነው፤ መኪናው ግን ሁለት።

ይህን ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ይሰማል። አንዱ «ዋናው ለአውሮፓ ይሄዳል፣ ለእኛ የሚመጣው ተቀናንሶ ለቻይና የተሠራው ነው» ይላል። ሌላው «ኩባንያዎች በሥዕል ያማልላሉ፣ ሲሸጡ ሌላ ይሰጣሉ» ባይ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ነው። የሚንሸራተት በር ያለው ክሮዝ በየትኛውም አገር ተሸጦ አያውቅም፤ አይዲ 6 ደግሞ ለቻይና ገበያ በቻይና ብቻ የተመረተ ስለሆነ ከእሱ በላይ «ዋና» የሚባል የለም። ሁለተኛው አባባል ግማሽ እውነት አለው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ለማወቅ ግን ኮንሰፕት መኪና የሚባለው ነገር መቼና ለምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ሦስት ስሞች፣ ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች

በወሬ ላይ ኮንሰፕት፣ ፕሮቶታይፕና አዲስ ሞዴል እንደ አንድ ነገር ይጠራሉ። ለፋብሪካው ግን ሦስቱ አይገናኙም።

ኮንሰፕት መኪና አንድን ሐሳብ ለሕዝብ ለማሳየት በአንድ ወይም በጥቂት ቅጂ የሚሠራ ነው። መንገድ ላይ ለመንዳት ፈቃድ አያስፈልገውም፤ አደጋ ሲደርስ ተሳፋሪ ማትረፍም አይጠበቅበትም። ፕሮቶታይፕ ተቃራኒው ነው፤ ቁንጅና አይጠየቅም፣ ብዙ ጊዜም ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ፕላስቲክ ተለጥፎበት በበረሃና በበረዶ የሚፈተን፣ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ የሚሰባበር የሙከራ መኪና ነው። ቅድመ ምርት የሚባለው ደግሞ የመጨረሻው መኪና በእውነተኛው ፋብሪካ፣ በእውነተኛው ማሽን ለልምምድ ሲሠራ ነው።

የመጀመሪያው ኮንሰፕት መኪና ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ኃላፊ ሃርሊ ኧርል በ1938 ያሠራው ቡዊክ ዋይ ጆብ ነው። የሚደበቅ የፊት መብራትና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስኮት ነበረው። ለሽያጭ አልቀረበም፤ ኧርል ራሱ ይነዳው ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓላማው መሠረት ብዙ አልተለወጠም፦ ሰው አይቶ ምን እንደሚል መስማት፣ ኩባንያው ወዴት እየሄደ እንደሆነ መጠቆም፣ ዲዛይነሮችን ማበረታታት፣ ባለ አክሲዮኖችን ማረጋጋት።

መኪናው ነው ወይስ ኮንሰፕቱ የሚቀድመው?

ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲህ ይገምታል፦ መጀመሪያ ኮንሰፕት ይሠራል፣ ከዚያ መሐንዲሶችና ሒሳብ ሠራተኞች እየቀነሱ እየቀነሱ የሚሸጠውን መኪና ያወጣሉ። እንዲህ የሆነባቸው መኪኖች አሉ። ዛሬ ከሚታዩት ኮንሰፕቶች ብዙዎቹ ግን በተገላቢጦሽ የተወለዱ ናቸው። የሚሸጠው መኪና ቅርጽ ቀድሞ ያልቃል፤ ኮንሰፕቱ የሚሠራው ከዚያ ተነሥቶ፣ ተጋንኖ ነው።

ማስረጃው የቀን መቁጠሪያው ነው። ቶዮታ «ቢዚ 4 ኤክስ» የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና ኮንሰፕት በሚያዝያ 2021 ሻንጋይ ላይ አሳየ፤ የሚሸጠውን ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት። ቢዋይዲ «ኢኤ 1» ያለውን ኮንሰፕት በዚያው የሻንጋይ ኤግዚቢሽን አሳይቶ በነሐሴ «ዶልፊን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። አንድን አዲስ መኪና ከንድፍ እስከ ፋብሪካ ማድረስ በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ፈጣኖቹ የቻይና አምራቾች ወደ ሁለት ዓመት አውርደውታል። ላሜራ የሚጫንባቸውን ከባድ የብረት ቅርጾች ነድፎ፣ አስወጥቶ፣ አስተካክሎ ለሥራ ማብቃት ብቻውን ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። ስለዚህ በአራትና በስድስት ወር ውስጥ «ኮንሰፕቱ ወደ ምርት ተቀየረ» ሊባል አይችልም። ኤግዚቢሽኑ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ የሚሸጠው መኪና ላሜራ ከወዲሁ እየተጫነ ነበር።

እንዲህ ዓይነቱ ኮንሰፕት የሚሠራበት ዘዴ የታወቀ ነው። ያለቀውን ዲዛይን ይወስዳሉ፤ ጣሪያውን ጥቂት ሳንቲሜትር ዝቅ፣ ጎኑን ሰፋ ያደርጋሉ፤ ቸርኬውን በሁለት ወይም በሦስት ኢንች ያሳድጋሉ፤ ስፖኪዮውን ነቅለው ቀጭን ካሜራ ይተኩበታል፤ የበሩን እጀታ ይደብቃሉ፤ መብራቱን ያቀጥናሉ። ስድስት ወር ቆይቶ እውነተኛው ሲመጣ ሰው «ቀነሱት» ይላል፤ የተቀነሰ ግን አልነበረም፣ አስቀድሞ የተጨመረ እንጂ።

ሕልሙ የቀደመባቸውም አሉ። በባትሪም በቤንዚንም የሚሠራው ሸቭሮሌ ቮልት በጥር 2007 ዲትሮይት ላይ በኮንሰፕት ሲታይ የሚሸከመው ባትሪ ገና አልተፈተነም ነበር፤ ደንበኛ እጅ የገባው በ2010 መጨረሻ ነው። የሌክሰስ «ኤልኤፍ ኤልሲ» በ2012 ሲታይ ይመረታል ተብሎ አልነበረም፤ የተመልካቹ አቀባበል ኩባንያውን አስገድዶ በ2016 የሚሸጠው «ኤልሲ» ይፋ ሆነ። ይህንን ከመጀመሪያው ዓይነት ሳይለዩ ስለ ኮንሰፕት መኪና መከራከር ትርጉም የለውም፤ በሕልሙ ላይ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ተቻለ?» ሲሆን በማጋነኛው ላይ የሚነሣው «ምን ተጨመረ?» ነው።

አንድ ብቻ ሲሠራ

ኮንሰፕት የሚጀምረው ከጭቃ ነው። ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚለሰልስ፣ ሲበርድ የሚጠነክር የኢንዱስትሪ ጭቃ በአረፋ ፕላስቲክ አካል ላይ ይለበጥና በማሽንና በእጅ ይቀረጻል። ዛሬ በኮምፒውተር መንደፍ ቢቻልም ጭቃው አልቀረም፤ ብርሃን በጎን ላሜራ ላይ እንዴት እንደሚፈስ ዓይን የሚያምነው በሙሉ መጠን ሲያየው ነው። ከጭቃው ቅርጽ ተወስዶ አካሉ በፋይበርግላስ ወይም በካርቦን ፋይበር ይሠራል። መስታወቱ ብዙ ጊዜ መስታወት ሳይሆን ግልጽ ፕላስቲክ ነው። የጎማው ጥርስ በእጅ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በሰው የእግር ፍጥነት መድረክ ላይ ለመውጣት ብቻ የምትበቃ ሞተር አለው፤ አንዳንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ በሩም አይከፈትም።

ይህ አንድ ዕቃ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ሊፈጅ ይችላል። ውድ የሆነበት ምክንያት በእጅ ስለሚሠራ ነው፤ በእጅ ስለሚሠራ ደግሞ የማይቻል ነገር የለም። የተጣመመ ቢኖር ሞራጁ ያቀናዋል፣ የተሰነጠቀ ቢኖር ይሞላል፣ ቀለሙ አሥር ጊዜ ይቀባል። ፋብሪካ ውስጥ ግን በሰዓት ስልሳ ያህል መኪና፣ ማለትም በደቂቃ አንድ የሚያወጣ መስመር አለ። እዚያ የሚሠራው ሰው አንድን በር ለማስተካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል።

በሩን በቅርብ እንየው

ልዩነቱ የት እንደሚወለድ ለማየት ከበር የተሻለ ቦታ የለም። በ2017 በኮንሰፕት የታየው አይዲ ክሮዝ የፊት በሩ 90 ዲግሪ ይከፈት ነበር፣ የኋላው ይንሸራተት ነበር፣ መካከላቸው ምሰሶ አልነበረም። አይዲ 4 ግን አራት ተራ በሮችና መካከለኛ ምሰሶ ይዞ መጣ። ምሰሶው ለምን ተመለሰ?

መካከለኛው ምሰሶ ሦስት ሥራ አለው። የኋላ በር ማጠፊያ ተሸክሞ የፊት በር ይቆልፍበታል። የፊት ተሳፋሪ የደኅንነት ቀበቶ ይታሰርበታል። መኪናው ከጎን ሲመታ ወይም ሲገለበጥ ከጣሪያ እስከ ወለል ያለውን ኃይል ይሸከማል። በአሜሪካ ሕግ የቀላል መኪና ጣሪያ የመኪናውን ክብደት ሦስት እጥፍ በአንድ ጎኑ ችሎ መቆም አለበት። ምሰሶውን ማስወገድ አይቻልም ማለት አይደለም፤ በ2003 የወጣው ማዝዳ «አርኤክስ 8» እና በ2013 የወጣው ቢኤምደብሊው «አይ 3» አስወግደውታል። ግን የምሰሶው ብረት ወደ ኋላ በሩ ውስጥ ገባ፤ በሩ ከላይና ከታች በጠንካራ ቁልፍ መታሰር ነበረበት፤ የፊት በር ሳይከፈት የኋላ ተሳፋሪ መውጣት አይችልም። «አይ 3» በዚያ ላይ የካርቦን ፋይበር አካል አስፈልጎታል። በመቶ ሺዎች ለሚሸጥ የቤተሰብ መኪና ይህ ሁሉ የማይዋጥ ወጪ ነው።

አሁን ደግሞ ማንኛውንም የቆመ መኪና የኋላ በር ተመልከቱ። በብዙዎቹ መስኮት ላይ ከኋላ በኩል አንድ ጥቁር ቋሚ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ጀርባ ሦስት ማዕዘን የምትመስል፣ የማትወርድ ትንሽ መስታወት አለች። ይህች ትንሽ መስታወት ኮንሰፕት ላይ አትገኝም። የመጣችበት ምክንያት መስኮት ወደ ታች መውረድ ስላለበት ነው። የኋላ ጎማ ቅስት የበሩን የታች ጥግ ይበላዋል፤ መስታወቱ ሙሉ ከሆነ ሲወርድ ቅስቱ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ይከፈላል፦ ፊተኛው ክፍል ይወርዳል፣ ኋለኛው ይቀራል። የመስታወቱ ጉብጠትም እንዲሁ ነው። መስታወት በበሩ ውስጥ ባለው ሐዲድ ተንሸራቶ እንዲገባ ጉብጠቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ እንደ ጀበና ሆድ የተነፋ ጎን ላይ የተገጠመ መስታወት አይወርድም። ኮንሰፕቱ ላይ የሚያምረው ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚያምረው መስኮቱ ስለማይከፈት ነው።

የሚንሸራተተው በርም ሐዲድ ይፈልጋል። ሐዲዱ ውጭ ከሆነ ጎኑን ያበላሻል፤ ውስጥ ከተደበቀ አቧራ፣ ጭቃና ዝናብ ይገባበታል፣ ጎማ ማሸጊያው ቶሎ ያልቃል። ሚኒባስ ጋር የተቀጠረ ረዳት ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ሕግ የሚቆርጠው

የፊት መብራት በተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ መሠረት አጭሩ መብራት ከመሬት ከ50 ሳንቲሜትር በታች፣ ከ120 በላይ መሆን አይችልም። ዲዛይነሩ ቀጭን መስመር የመሰለ መብራት ኮፈኑ ጫፍ ላይ ቢፈልግ በዚያ ውፍረት መንገድ የሚያበራ መብራት መሥራት ውድ ነው። በአሁኑ ዘመን የተገኘው መውጫ መብራቱን ለሁለት መክፈል ነው፦ ላይ ያለው ቀጭን መስመር የቀን መብራት ይሆናል፣ መንገዱን የሚያሳየው እውነተኛው መብራት ወደ ታች ባምፐሩ ውስጥ ይወርዳል። ብዙ አዳዲስ መኪኖች «አራት ዓይና» የመሰሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የኮንሰፕቱ ቀጭን ዓይን ማየት ባይችልም በቦታው ቀርቷል።

ኮፈን ዝቅ ያለ ሲሆን ያምራል። የእግረኛ ደኅንነት ደንብ ግን የሰው ጭንቅላት ኮፈኑ ላይ ሲያርፍ ላሜራው እንዲታጠፍ ይጠይቃል፤ ሙከራው የጭንቅላት ቅርጽ ያለውን ነገር በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር መወርወር ነው። ላሜራው የሚታጠፍበት ባዶ ቦታ ከሥሩ ከሌለ ጭንቅላቱ በቀጥታ ከብረት ጋር ይላተማል። ስለዚህ ኮፈኑ ከፍ ይላል፤ ወይም እግረኛ ሲመታ በራሱ ብድግ የሚል ውድ ስልት ይገጠምለታል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አውሮፓ ይህን ደንብ ካወጣች ወዲህ የመኪኖች አፍንጫ የደነደነው በፋሽን ብቻ አይደለም።

ስፖኪዮ የሁሉም ኮንሰፕት የመጀመሪያ ሰለባ ነው። በአሜሪካ ዛሬም በመስታወት መሆን አለበት። አውሮፓና ጃፓን ከ2016 ጀምሮ በካሜራ መተካት ፈቅደዋል፤ «ሆንዳ ኢ» የኮንሰፕቱን ካሜራ እንደያዘ ወጥቷል። ግን ሲሰበር ከመስታወት በብዙ እጥፍ ውድ ነው። ሹል ጠርዝም ደንብ አለው፦ ሰው ሊነካው የሚችል የውጭ አካል ጫፉ ቢያንስ 2.5 ሚሊ ሜትር ክብነት ሊኖረው ይገባል። እንዲያውም ታርጋ እንኳ መቀመጫ ይፈልጋል፤ የአውሮፓ ታርጋ 52 በ11 ሳንቲሜትር ነው፣ የአሜሪካ 30 በ15፣ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ 48 በ14። አንድ መኪና በሦስቱም አገር ሊሸጥ ከሆነ የኋላ ኮፈኑ ለሦስቱም ቦታ መተው አለበት። ታርጋ የሌለው ኮንሰፕት ከኋላ የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ላሜራና ዳይ

የመኪና ውጫዊ አካል 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ላሜራ ይጫናል። ላሜራው የሚጫንበት ሁለት ፊት ያለው የብረት ቅርጽ በፋብሪካ ቋንቋ ዳይ ይባላል፤ አንዱ ብዙ ቶን ይመዝናል። አንድ የበር ላሜራ ከአራት እስከ አምስት ምት ያልፋል፦ አንዱ ይጎትተዋል፣ አንዱ ትርፉን ይቆርጠዋል፣ አንዱ ጠርዙን ያጥፈዋል፣ አንዱ ቀዳዳ ያወጣል።

እዚህ ሦስት ነገር ይበላሻል። ቅርጹ በጣም ጥልቅ ከሆነ ወይም ጥጉ በጣም ሹል ከሆነ ላሜራው ተለጥጦ ይሳሳል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ በቂ ስላልተለጠጠ ይንቀጠቀጣል፤ በጣት ሲጫኑት እንደ ጣሳ ክዳን ጧ ይላል። በሦስተኛ ደረጃ ምቱ ሲለቀው ላሜራው ወደ ነበረበት ትንሽ ይመለሳል፤ ይህን መመለስ አስቀድሞ አስልቶ ዳዩን በተቃራኒ ማጠፍ ያስፈልጋል። ኮንሰፕቱ ላይ እንደ ምላጭ የነበረው የጎን መስመር በሚሸጠው ላይ ለስለስ የሚለው ለዚህ ነው። ከበር ወደ ፓራፋንጎ የሚሻገር መስመርም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቆርጠዋል፤ ሁለቱ ላሜራዎች አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ መስመሩ የተሰበረ ይመስላል። ሒሳቡን የሚያውቅ ዲዛይነር መስመሩን ከመገጣጠሚያው በፊት ያጠፋዋል።

የቴስላ ሳይበርትራክ እዚህ ላይ የተለየ ትምህርት ነው። ዝገት የማይበላው ብረቱ በተለመደው መጫኛ ለመቅረጽ ጠንካራ ስለሆነ ቅርጹ ጠፍጣፋና ማዕዘናም ሆነ። በ2019 የታየውና በ2023 መጨረሻ የተረከበው ከሩቅ የሚመሳሰሉት ቁሱ ሌላ ቅርጽ ስለማይፈቅድ ነው። ከቅርብ ግን ስፖኪዮና ግዙፍ ዝናብ መጥረጊያ ተጨምሮበታል።

ከወለል እስከ ጣሪያ

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ወለሉ ሥር ይተኛል፤ ከነመከላከያው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ይወስዳል። መቀመጫው በዚያ ላይ ነው፣ የረጅም ሰው ጭንቅላት በመቀመጫው ላይ፣ ጣሪያው ከጭንቅላቱ በላይ። መሐንዲሶች ከመቀመጫ፣ ከጎማ መካከልና ከመሪ የሚነሡ የማይነቃነቁ ነጥቦችን አስቀድመው ያስቀምጣሉ፤ ዲዛይነሩ የሚሥለው በእነዚያ ዙሪያ ብቻ ነው። ኮንሰፕት ውስጥ ረጅም ሰው አይቀመጥም፤ ከተቀመጠም መቀመጫው ቀጭንና የተኛ ነው።

የክሮዝና የአውሮፓው አይዲ 4 መጠን ሲነጻጸር ይህ ይታያል። ኮንሰፕቱ 4.625 ሜትር ርዝመት ነበረው፣ የሚሸጠው 4.584፤ ወርዱም ወደ 4 ሳንቲሜትር ጠበበ። ቁመቱ ግን ከ1.61 ሜትር ወደ 1.64 ገደማ ከፍ አለ። ርዝመቱ አጠረ፣ ወርዱ ጠበበ፣ ቁመቱ ጨመረ። ዓይን «ወፈረ» የሚለው ይህንን ነው። ጎማውም እንዲሁ፤ መሪ ሙሉ ሲታጠፍና መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጎማው ከቅስቱ ጋር እንዳይነካካ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ኮንሰፕቱ ላይ በቅስቱና በጎማው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይታይም ምክንያቱም ጉድጓድ አያውቅም።

ነፋስ ማንንም አያዳላም

ቮልት ኮንሰፕቱ ረጅም ኮፈን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫና ጡንቻማ ጎን ነበረው። ወደ ነፋስ መፈተኛ ሲገባ ውጤቱ መጥፎ ሆነ፤ የጄኔራል ሞተርስ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ቦብ ሉትዝ መኪናው ወደ ኋላ ቢሄድ ይሻለው እንደነበር በቀልድ አምነዋል። ለነዳጅ መኪና ይህ ትንሽ ተጨማሪ ፍጆታ ነው። በአንድ ቻርጅ 64 ኪሎ ሜትር በኤሌክትሪክ ብቻ ሊሄድ ለተባለለት መኪና ግን ተስፋውን ራሱን ይገድላል፤ ነፋስን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ።

ስለዚህ ቅርጹ እንደገና ተሠራ። አፍንጫው ክብ ሆነ፣ የፊት ጥጎች ለስላሳ ሆኑ፣ የኋላ ጥጎች ግን ነፋሱ ተለያይቶ እንዲለቅ ሹል ተደረጉ። ከኮንሰፕቱ ባለሦስት ሲሊንደር 1.0 ሊትር ሞተር ይልቅ ኩባንያው እጁ ላይ የነበረ ባለአራት ሲሊንደር 1.4 ሊትር ተገጠመ። መኪናው ሲታይ ብዙ አድናቂዎች አዘኑ። በአሜሪካ ይፋዊ ልኬት በኤሌክትሪክ ብቻ ወደ 56 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ በመጀመሪያው ቅርጽ ይህን እንኳ ባላገኘ ነበር።

ሦስት ዶላር ስንት ነው?

የወጪ ጉዳይ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አንድ ስሌት ይበቃዋል። በአንድ መኪና ሦስት ዶላር የሚጨምር የበር እጀታ ቢኖር፣ መኪናው በዓመት 250 ሺህ ቢመረትና ለሰባት ዓመት ቢቆይ፣ እጀታው 5.25 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በአንድ መኪና ላይ እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በመቶዎች ናቸው። በዚህ ላይ የሚሸጠው መኪና አብዛኛውን የማይታይ አካል ከወንድሞቹ ጋር ይጋራል። የ2001ዱ ፖንቲያክ አዝቴክ መሳለቂያ የሆነበት አንዱ ምክንያት የኩባንያውን ሚኒቫን ሻንሲ ተሸክሞ ስለወጣ ነው፤ ኮንሰፕቱ ዝቅና ሰፋ ያለ ነበር፣ የሚሸጠው ግን በሚኒቫኑ ቁመትና ወርድ ላይ ተለጠጠ።

ታዲያ ማታለል ነው?

ሁለት አመለካከት አለ። ኢንዱስትሪው ኮንሰፕት ቃል ኪዳን አይደለም፣ ማንም ገዝቶት አያውቅም፣ ስለዚህ ማንም አልተታለለም ይላል። ተቺዎች ደግሞ ኮንሰፕቱ የሚገነባው ጉጉት የሚሸጠውን መኪና ሽያጭ እንዲረዳ እስከሆነ ድረስ ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ ደግሞ ተጠያቂነት አለው ይላሉ።

መስመሩ የሚሰመረው ዋጋና ቅድመ ክፍያ የገቡበት ቦታ ላይ መሆን ያለበት ይመስለናል። የፖርሸ «ሚሽን ኢ» በ2015 ሲታይ መካከለኛ ምሰሶ አልነበረውም፣ ባትሪውም በ15 ደቂቃ 80 በመቶ ይሞላል ተብሎ ነበር። በ2019 «ታይካን» ሆኖ ሲወጣ ምሰሶው ተመለሰ፣ ከ5 እስከ 80 በመቶ ለመሙላትም 22.5 ደቂቃ ወሰደ። ዋናው ቴክኖሎጂ፣ ባትሪው ቶሎ እንዲሞላ የሚያስችለው የ800 ቮልት ሥርዓት፣ ግን ደረሰ። እዚህ ማታለል ማለት ይከብዳል። ሳይበርትራክ ሌላ ነው። በ2019 የዋጋ ዝርዝር ተለጥፎለት መነሻው 39,900 ዶላር ተብሎ፣ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ ዓይነትም ተዘርዝሮ፣ ከሕዝብ 100 ዶላር ቅድሚያ ተሰብስቦበታል። ርክክቡ በ2023 ሲጀምር የዝርዝሩ መነሻ 60,990 ዶላር ሆኖ ነበር፤ ባለ ሁለት ሞተሩም 547 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚሄደው። ገንዘብ የተቀበለ ሰው «ሐሳብ ነበር» ማለት አይችልም፤ ገንዘቡ ተመላሽ ቢሆንም።

ማጣሪያው ያመለጠው

ኮንሰፕቱ ሳይነካ ሲያልፍ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። አውዲ ቲቲ በ1995 በኮንሰፕት ታይቶ በ1998 ሲወጣ ከጎኑ ከተጨመረች ትንሽ መስኮት በቀር ለሥዕሉ ታማኝ ነበር፤ የኋላው ለስላሳ ጉብታም ተጠብቋል። ነገር ግን በጀርመን አውቶባን በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ ያ ጉብታ የኋላውን ከመሬት ቀለል ያደርገው ነበር። ሞት ያስከተሉ አደጋዎች ደረሱ። አውዲ መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ከኋላ ትንሽ ክንፍ፣ የኤሌክትሮኒክ የመረጋጊያ ሥርዓትና የተስተካከለ ማንጠልጠያ (ሳስፔንሽን) ገጠመላቸው። ከዚያ በኋላ የታዩት ቲቲዎች ያንን ክንፍ ይዘዋል። ሳይበርትራክም በመጋቢት 2025 ከ46 ሺህ በላይ መኪና ተጠርቶበታል፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚለጠፈው የብረት ሽፋን ሙጫው እየለቀቀ ይወድቅ ነበርና።

ከኮንሰፕት ወደ ገበያ በፍጥነት የገባው የተደበቀ የበር እጀታም አሁን ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ለስላሳ ጎን ይሰጣል፣ ነፋስ ይቀንሳል ተብሎ በቻይና ተስፋፍቶ ነበር። አደጋ ደርሶ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ከውጭ የመጣ ረዳት የሚይዘው ነገር ያጣል። ቻይና ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ አዲስ የሚፈቀዱ መኪኖች በሩን ከውጭም ከውስጥም በሜካኒካል መንገድ የሚከፍት እጀታ እንዲኖራቸው ወስናለች።

ቁጥሩ በምን ተለካ?

ለገዢ ከቅርጹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያወዛግበው ርቀት ነው። ክሮዝ በ2017 በአንድ ቻርጅ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተባለ፤ አይዲ 4 በ2020 ለአውሮፓ ሲወጣ እስከ 520 ተባለ። ቁጥሩ ሲታይ ብዙ ያልተለወጠ ይመስላል። በእርግጥ ግን የሚሸጠው በግልጽ ይበልጣል፤ የ2017ቱ ቁጥር በአሮጌው የአውሮፓ ልኬት፣ በኤንኢዲሲ፣ የተሰላ ሲሆን ሁለተኛው ጠበቅ ባለው በደብሊውኤልቲፒ ነው። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ ሲኤልቲሲ የተባለ ሦስተኛ ልኬት ነው። የሲኤልቲሲ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው 114 ነው፤ የደብሊውኤልቲፒ አማካይ 46.5፣ ከፍተኛው 131። ዝግ ባለ የከተማ ጉዞ የተለካ ቁጥር ምንጊዜም ያምራል።

ስለዚህ በስልክ የሚዞር ሥዕልና ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ ሥዕሉን ማየት ነው፤ ስፖኪዮ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ የታርጋ መቀመጫና የጎማ ስም ከሌለው ኮንሰፕት ነው። ቀጥሎ ቁጥሩ ከሦስቱ ልኬቶች በየትኛው እንደተሰላ መጠየቅ ነው። የሚሸጠው መኪና ራሱ ደግሞ በበሩ ምሰሶ ወይም በኮፈኑ ሥር የአምራቹን ስም፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የተመረተበትን ጊዜ የያዘ ሰሌዳ አለው፤ ከአስመጪው ወረቀት ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።